በዓመት አራት ሲጋር

እኔ በዓመት አራት ሲጋር አጨሳለሁ። ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ «ወይ ተወው፣ ወይ እንደ ሰው አጭስ» ይለኛል። ለእንቁጣጣሽ አንድ፣ የገና ማግስት አንድ፣ ከፋሲካ በኋላ አንድ፣ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲጠና አንድ። በጾም አልነካውም። ቤት ውስጥ አልለኩሰውም። አምስተኛ የሚባል ነገር የለም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ፣ የምጠብቀውም እኔ ነኝ። እናቴ በልጅነቴ «ይህ ግትርነትህ አንድ ቀን ይገልሃል» ትለኝ ነበር፤ እስካሁን ግን ጠቅሞኛል።

ለማያውቀው ልንገር። ሲጋር በወረቀት የተጠቀለለው ሲጋራ አይደለም። ሙሉ የትምባሆ ቅጠል በቅጠል ላይ ተጠቅልሎ አውራ ጣት የሚያህል ነገር ነው። ጭሱ ወደ ሳንባ አይሳብም፤ አፍ ውስጥ ተይዞ፣ ጣዕሙ ተለቅሞ ይለቀቃል። አንዱን ለመጨረስ አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ ከቸኮሉበት ይመራል። ለጤና ይበጃል የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት።

ያስለመደኝ አንድ ሽማግሌ ቱሪስት ነው። ያኔ ከጎንደር እንግዳ ወደ ተራራው የማደርስ ሾፌር ነበርኩ። ኮሶዬ ላይ መኪና አቁመን፣ ከገደሉ አፋፍ ተቀምጠን ቆላውን ቁልቁል እያየን፣ ከደረት ኪሱ ሁለት አውጥቶ አንዱን ሰጠኝ። መጀመሪያ አሳለኝ። ቀጥሎ ትኩስ የተቆላ ገብስ የሚመስል ነገር ምላሴ ላይ መጣ። ከዚያ በኋላ ሰውየውም እኔም ሳንነጋገር አንድ ሰዓት ተቀመጥን። በዕድሜዬ ሥራ ፈትቼ፣ ስልክ ሳልነካ፣ ለማንም ምላሽ ሳልሰጥ አንድ ሰዓት የተቀመጥኩበት ቀን ያ የመጀመሪያው ነበር። የወደድኩት ያንን መቀመጥ ነው መሰለኝ።

ቱሪስት መምጣቱ ከቀረ ወዲህ አዘዞ መንገድ ላይ ካለ ማሠልጠኛ መኪና መንዳት አስተምራለሁ። በዓመት አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ስወርድ የዓመቱን አራት ሲጋር እመርጣለሁ። ሻጩ ያውቀኛል፤ ስገባ ወንበር ይስብልኛል፣ እንደምቆይ ያውቃላ። አንዱን አንስቼ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሁለት ጣት በቀስታ እጫነዋለሁ። ኮሽ ካለ ደርቋል። ጎድጉዶ ከቀረ ረጥቧል። ተጭኜው ቀስ ብሎ ከተመለሰ እሱ የእኔ ነው። ቀጥሎ የላይኛውን ቅጠል አያለሁ፤ ሥሩ የጎላ፣ ጥቅልሉ የተንሻፈፈ ከሆነ እተወዋለሁ። ፈዛዛው ለስለስ ይላል፣ ጥቁሩ ይከብዳል። ለሐምሌ ጥቁሩን፣ ለገና ፈዛዛውን እወስዳለሁ። በመጨረሻ የሚለኮሰውን ጫፍ አሸትታለሁ። ሽታው ካልጠራኝ ሻጩ ቢምል ቢገዘትም አልወስድም።

ቤቴ ከጎንደር ወጣ ብሎ ፀዳ ላይ ነው። የጎንደር በጋ ደረቅ ስለሆነ ቅጠሉ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ አንድ አናጢ የዋንዛ ሳጥን ሠራልኝ። እሱ «በጽድ ልሥራው፣ ነቀዝ አይደፍረውም» ብሎኝ ነበር። ጽድ ሽታውን ለያዘው ሁሉ ያካፍላልና እምቢ አልኩ። ሳጥኑ ጥግ ላይ በውሃ የራሰ የሸክላ ስባሪ አኖራለሁ፤ እርጥበቱን ቀስ እያለ ይሰጣል። ይኸው ነው መሣሪያዬ።

በእኛ አገር ግን ትምባሆ ነውር ነው። ከመናፍቅ መቃብር ላይ የበቀለ ቅጠል ነው እየተባልን ነው ያደግነው። ባላገሩ ጠጪን ይታገሣል፣ ተሳዳቢን ይመክራል፤ አጫሽ ከተባለ ግን ፊቱን ያዞራል። ለዓመታት አልተጨነቅኩበትም። አርባ አራት ዓመት ሞልቶኝ ሚስት ሳገኝ ነው ጭንቀቱ የመጣው።

መኪና ልትማር የመጣች አስተማሪ ነበረች። የማቆም ፈተናውን ሦስት ጊዜ ወድቃ ለአራተኛው ስትመዘገብ እኔ ግትርነትን አውቃለሁና ወደድኳት። ቀደም ሲል አግብታ ነበር፤ ከስድስት ዓመት በኋላ በአንድ ቦርሳ ወደ አባቷ ቤት ተመልሳለች። ስለ ሲጋሩ ገና ከመግባባታችን ነገርኳት። «አራት ካልክ አራት ይሁን» አለች፣ «እኔ ግን አባቴ ያልመረቀውን ጋብቻ ሁለተኛ አልገባም።»

አባቷ አምባ ጊዮርጊስ ዳር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። በጥቅምት ወር ሦስት ሽማግሌዎች ላክሁ፤ ዋናው አጎቴ ነበር። ከመሄዳቸው በፊት አስቀምጬ «ስለ ትምባሆ ከጠየቁ እውነቱን ተናገሩ» አልኳቸው። እሺ አሉ። ሲመለሱ አጎቴ ፊቱ በርቷል።

«ዘርህን ጠየቁ፣ እስከ ሰባት ቤት ቆጠርንላቸው። ሃይማኖትህን ጠየቁ፣ ነገርን። ትምባሆ ሲሉ፣ ‹ጊዮርጊስን! በደጁም አላለፈ› አልኳቸው። በሁለት ሳምንት ተመለሱ ተብለናል። አለቀ!»

«አጎቴ፣ ምን ብዬህ ነበር?»

«ምነው አንተ ሰው! በዓመት አራት ጊዜ ደግሞ ማጨስ ይባላል? ለዚህ ብለህ ልጅቱን ልታጣ ነው?»

ደሜ ፈላ። አጎቴን በሕይወቴ ጮኼበት አላውቅም፣ ያን ቀን ጮኽኩበት። ሰውየው ለእኔ ብሎ ነው የማለው፣ አውቃለሁ፤ ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከሠርጉ በኋላ በየገናው ተደብቄ ማጨስ፣ አማቴ ሲመጡ አፌን መጉመጥመጥ፣ እሷም ከእኔ ጋር ሆና አባቷን መዋሸት ሊሆን ነው። አልፈልግም አልኩ። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ቃላቸውን እንዲያነሱ ብለምናቸው እንቢ አሉ፤ የማለ ሰው እንዴት ብሎ ይመለሳል? ስለዚህ ራሴ ልሄድ ቆረጥኩ። መልስ ሳይሰጥ ጠያቂው ራሱ በልጅቷ አባት ደጅ ብቅ ማለቱ በእኛ ዘንድ ድፍረት ነው። ሳጥኔን አቅፌ ኅዳር መግቢያ ላይ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

አባቷ ከግቢያቸው ገብስ እያበራዩ ነበር። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው መንሹን አቁመው አዩኝ።

«ማኪና የሚያስተምረው ነህ?»

«ነኝ፣ አያ።»

«ምነው? ሽማግሌዎችህ ሞቱብህ?»

«አልሞቱም። ከነገሩዎት ውስጥ ውሸት አለበት፤ እሱን ላቃና ነው የመጣሁ።»

ሳጥኑን ካብ ላይ አስቀምጬ ከፈትኩት። ጎንበስ ብለው አዩ። «ምንድን ነው? ጧፍ ነው?» ብለው እጃቸውን ሰደዱ። ትምባሆ ነው ስላቸው እጃቸው ተመለሰ።

«በቀን ስንት ትጨርሳለህ?»

«በቀን አይደለም፣ አያ። በዓመት አራት።»

«በዓመት?» ወደ ገብሱ ዞር ብለው ትንሽ አሰቡ። «ለአራት ብለህ ይህን ሁሉ አገር መጣህ? ማን ያይሃል?»

«ልጅዎ ታያለች። አንድ ቀን እርስዎም ያያሉ። ያን ቀን የሚያጣላን ትምባሆው ሳይሆን መሐላው ነው።»

«ታዲያ ተወዋ!»

ይህችን ጥያቄ ነበር የፈራኋት። እተወዋለሁ ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን እንደማልተወው አውቃለሁ። «እተወዋለሁ ብዬ ብምልልዎ ሁለተኛ ውሸት ይሆናል» አልኩ።

ሽማግሌው አባቷ መንሹን ካቡ ላይ አስደገፉት። «ለፊተኛው ባሏም ሽማግሌ ምሎልኝ ነበር» አሉ። «መጠጥ አይቀምስም ብለው። የሚቀጥለው ትምባሆህ መቼ ነው?»

«የገና ማግስት።»

«እንግዲያው ሳጥኑ እኔ ዘንድ ይቀመጥ። የገና ማግስት ትመጣለህ፣ እዚህ እያየሁህ ታጨሳለህ። ትምባሆ ሰውን ምን እንደሚያደርገው አይቼ አላውቅም። አይቼ መልሴን እሰጣለሁ።»

«አደራ ነው፣ አያ?»

«አደራ ነው።»

ስለ ሸክላው ስባሪ፣ በየሳምንቱ ውሃ አርከፍክፉልኝ ልላቸው አስቤ ነበር። የጥጋብ ጥያቄ መስሎ ስለታየኝ አፍሬ ተውኩት።

ሁለቱ ወራት ረዘሙብኝ። አጎቴ አዋረድከን ብሎ አኮረፈ። እሷ ግን በስልክ «ደግ አደረግህ» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «አባቴ እንቢ ካለ ግን ከቃሉ አልወጣም፣ እወቀው» አለች። አውቀዋለሁ አልኳት። ተማሪዎቼን እያስተማርኩ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ይሄድና ፍሬን ሲረሱ እኔም እረሳለሁ። ብዙ ጊዜ አባቷ ዘንድ ደውዬ «ትቼዋለሁ» ልል ስልኬን አነሳሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት።

በገና ማግስት ደረስኩ። እሷም ለበዓሉ መጥታ ነበር። ሽማግሌው ነጭ ጋቢ ለብሰው ከጓሮ በርጩማ አስወጡልን፤ ለራሳቸውም አንድ፣ ከእኔ ፊት ለፊት። ከዚያ ገብተው ሳጥኑን በሁለት እጃቸው ይዘው መጡ። ሳጥኑ ንጣቱ! እንዲህ ንጹሕ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

«ያመጣህልኝ ጊዜ ይሸት ነበር» አሉኝ። «የሰው አደራ በቤቴ ሸትቶ አይከርምም። በግራዋ አሳሽቼ አሳጠብኩት። እንደ ጋን ሁለት ጊዜ በወይራ አሳጠንኩት፤ ጥቅሎቹንም አብሬ ነው ያሳጠንኳቸው፣ አልቀረባቸውም። ስባሪ ገል ገብቶበት አገኘሁ፣ እሱንም ጣልኩልህ።»

እሷ ከጓሮው በር ላይ ቆማ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

ሳጥኑን ስከፍት የጠላ ጋን ሽታ ወጣ። ከእንቁጣጣሹ የቀሩትን ሦስቱን ዳሰስኩ፤ ሦስቱም ኮሽ አሉ። የገናውን፣ ያን አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጬ የመረጥኩትን ፈዛዛውን አነሳሁ። የላይኛው ቅጠል ጣቴ ላይ ተሰነጠቀ። ጫፉን ቆርጬ ለኮስኩ። ሽማግሌው ሐኪም ታማሚ እንደሚያይ አተኩረው ያዩኛል። ጭሱ አፌን ሲሞላው መጀመሪያ ግራዋው መረረኝ፣ ቀጥሎ ወይራው ጉሮሮዬን ያዘኝ። የተቆላ ገብስ ብሎ ነገር የለም። ሳልኩ። ደግሜ ሳብኩ። በቃሌ መሠረት እስከ መጨረሻው ላጨሰው ወስኜ ነበርና አጨስኩት፤ እንደዚያ የረዘመ ሰዓት አላሳለፍኩም።

አልሰከርኩም፣ አላበድኩም። ሽማግሌው ይህን ሲያዩ ፊታቸው ቀስ በቀስ ተፈታ። ሲያልቅ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ማጠኑ ሸጋ አደረገው አይደል?»

ቀና ስል እሷን አየኋት። በዓይኗ «አዎ በል» ትለኛለች። አንዲት ቃል ነበረች። ሽማግሌው ለሚጠሉት ነገር ይህን ያህል ደክመዋል፤ በልፋታቸው ላይ ምን ክፉ ነገር ይባላል? ምላሴ ላይ የመጣችው «ሸጋ ነው» ነበረች። አጎቴም እንዲሁ በደግነት ነው የማለው። ዋጥኳት።

«አያ» አልኩ፣ «ደክመውልኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ተበላሽቷል። ሦስቱም ተበላሽተዋል። ገሉም የተቀመጠው እርጥበት እንዲሰጥ ነበር፤ ሳልነግርዎት የቀረሁ እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ሳጥኑን ከደኑት። ልጅቱ ዓይኗን ጨፈነች። እኔም ሁሉ ነገር አለቀ ብዬ እጄን በጉልበቴ ላይ አደረግሁ።

«የፊተኛው» አሉ በመጨረሻ፣ «ስድስት ዓመት እዚህ ቤት ሲመላለስ የቀረበለት ነገር ሁሉ ሸጋ ነበር። ወጡ ሸጋ፣ ጠላው ሸጋ፣ እኔም ሸጋ ነበርኩ። አንድ ቀን አንድ ነገር ከፋኝ ብሎኝ አያውቅም። የከፋውን ሁሉ ይዞ ሄዶ ልጄ ላይ ነበር የሚያወርደው፤ የሰማሁት ቦርሳዋን ይዛ ስትመጣ ነው።»

ድምፃቸው ተሰበረ። ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«ከጥምቀት በኋላ ሽማግሌዎችህን መልሰህ ላክ። ልጄን እሰጥሃለሁ።»

ዓይኔ እንባ አቀረረ። ጭሱ ነው ማለት እችል ነበር፤ አላልኩም።