ድንቅነሽና ከጣሪያ ሥር የተሰቀሉት ቦርዶች

ድንቅነሽ ባኬ ጃማ በሚባለው የወለጋ ሠፈር ውስጥ ሬዲዮና ስልክ መጠገን ከጀመረች አሥራ ስምንት ዓመት አልፏታል። የእኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ከሱቋ ጋር በአንድ ግድግዳ ስለተያያዘ፣ ያን ሁሉ ዓመት ስንጨቃጨቅ ኖረናል። እውነቱን ልናገርና፣ አስቸጋሪዋ እሷ ናት። የተበላሸ ዕቃ ይዞ የመጣን ሰው በጥያቄ ታደርቀዋለች፦ የት ተቀምጦ ነበር? ጭስ ያገኘዋል? ጣሪያው ያፈሳል? ሐኪም እንኳ እንዲህ አይመረምርም።

ዋናው ጭቅጭቋ በፍላክስ ነው። ፍላክስ ማለት ሊዱ፣ የመበየጃው እርሳስ፣ ቀልጦ ሲፈስ መዳቡን እንዲይዝ ዝገቱን የሚጠርግ ቅባት ነው። ያለ እሱ ሊዱ ጎደሬ ቅጠል ላይ እንዳረፈ ውሃ ይንከባለላል እንጂ አይይዝም።

አምና የለመደችው ቢጫ የጥድ ሙጫ ከከተማው ጠፋ። በምትኩ በክብ ቆርቆሮ የታሸገ ቅባት ገዛች። ላዩ ላይ ለብየዳ መሆኑ እንጂ ለምን ዓይነት ብየዳ እንደሆነ አልተጻፈም። ስትሞክረው ደስ አላት፤ የዛገውን ሁሉ ነክሶ ያበራዋል። ከገና ጀምሮ ስንቱን በእሱ በየደች።

ሰኔ ሲገባ ግን የጠገነቻቸው ሦስት ሬዲዮኖች በአንድ ሳምንት ተመለሱ። ሌላ ሰው ቢሆን "ውሃ አስገብታችሁበት ነው" ብሎ ይገላገል ነበር፤ እኔም ብሆን እንደዚያው። እሷ ከፍታ ስታይ፣ የበየደችው ቦታ ሁሉ ዙሪያው አረንጓዴ ሆኗል።

ቁጭ ብላ ከሞተ ቴሌቪዥን ቦርድ ላይ ስምንት ቁራጭ ቆረጠች። በአራት ዓይነት ፍላክስ፣ ከለመደችው ሙጫ በተረፋት ጥራጊ ጭምር፣ ሁለት ሁለቱን በየደች፤ ከየጥንዱ አንዱን በአልኮል አጠበች፣ ሌላውን እንዳለ ተወችው። ከዚያ የወለጋ ክረምት ይፍረድ ብላ ከሱቋ ጣሪያ ሥር በሽቦ አንጠለጠለቻቸው። "ድንቄ፣ ቋንጣው ደረሰ?" እያልኩ ክረምቱን ሙሉ አላገጥኩባት።

ጳጉሜን ውስጥ በዋለው ቅዳሜ አወረደቻቸው። ሙጫው ሳይታጠብም ቢሆን አቧራ ከመያዝ በቀር መዳቡን አልነካውም። በሲሪንጅ የሚሸጠው ቅባት በደንብ የጋለበት ቦታ ደህና ነው፤ ሙቀት ያልደረሰው ዳር ዳሩ ግን እርጥበት ስቦ ተዝረክርኳል። በውሃ የሚታጠበው ፈሳሽ ሲታጠብ የሚያህለው የለም፣ ካልታጠበ ግን ጠንቅ ነው፤ ደግሞስ ሬዲዮኑ በውሃ ሲታጠብ እያየ ዝም የሚል ባለቤት ከየት ይገኛል? የቆርቆሮው ቅባት ያረፈበትን ቁራጭ በጥፍሯ ስትነካው መዳቡ ተልጦ መጣ። የታጠበው እንኳ ጠርዙ አረንጓዴ ነበር። ለካ ለቧንቧ ሠራተኞች የሚሠራ አሲድ ያለበት ቅባት ኖሯል።

ፊቷ ልውጥ አለ። "የሩክያ ማዳመጫ!" አለች።

ሩክያ ጉቶ ጊዳ ወረዳ ውስጥ፣ ከወሎ በመጡት ሠፋሪዎች መንደር የምትኖር ተማሪ ናት፤ ሰባተኛን ጨርሳለች። የምትሰማው ከጆሮዋ ጀርባ በምታደርገው ማዳመጫ ነው። በጥር ሽቦው ተበጥሶ ድንቅነሽ በዚያው ቅባት በይዳዋለች። ማዳመጫው ከሞተ ልጅቷ አስተማሪዋን አትሰማም፤ ትምህርቷም አበቃ ማለት ነው። ድንቅነሽ ወዲያው ለአባቷ ለባሕሩ ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው።

"ሄደሽ ሥሪላት፤ የሌላውን ግን አታንሺው፣ ዝም አይነቅዝም" አልኳት።

"ዝም አይነቅዝም?" ቦርዱን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። "ይኸው ነቅዟል፣ አላዛር!"

በማግሥቱ እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማስታወቂያ ሲነገር ተነሥታ በኦሮምኛ ተናገረች። ከገና እስከ ሰኔ እሷ ዘንድ ያሠራ ሁሉ ዕቃውን ይመልስላት፤ በማይሆን ቅባት በይዳዋለች፤ ጥፋቱም ሳትመረምር የተጠቀመችው የእሷ ነው። ድምጿ ንቅንቅ አላለም። ከኋላዬ ሰዎች ሳቁ። እኔ ስለ እሷ አፍሬ አቀረቀርኩ፤ ዛሬ ሳስበው የሚያሳፍረኝ ያ ማቀርቀሬ ነው።

ሰኞ ጠዋት አብሬያት ሄድኩ። ባጃጁ ጭቃው ላይ ሲያቆም በበቆሎው መሀል በእግር ቀጠልን። ባሕሩ በሩ ላይ ተቀበለን።

"አካም ቡልተን፣ ኦቦ ባሕሩ?" ስትል ድንቅነሽ እንዴት አደሩ አለችው።

"ነጋ፣ ገለታ ረቢ፤ ደህና፣ ይመስገነው። ግቡ እንጂ" አለና ድንቅነሽ ስለ ሩክያ ስትጠይቀው አንገቱን ደፋ። "ምን ይደረግ እቴ፣ ጆሮዋ ጨርሶ ሄደ። ከሚያዝያ ወዲህ አስተማሪውን አልሰማ አለች። የአላህ ሥራ ነው፤ ለአዲሱ ዓመት ሳላስመዘግብ ከቤት አስቀረኋት።"

"ማዳመጫውስ?"

"እሱማ ምን ይሆናል? አንቺ ሠርተሽው የለ!"

ድንቅነሽ እጇን ዘረጋች። ማዳመጫውን ተቀብላ ከፈተችው፤ ሽቦው ሥር አረንጓዴ ነው። ጫፉ የቀጠነ የመዳብ ዘንግ ለመበየጃ እንዲግልላት ምድጃው ፍም ውስጥ ሰካች። ዝገቱን በጥርስ ብሩሽና በአልኮል ጠረገች፣ የተበላውን ሽቦ ቀየረች፣ በሙጫ በየደች። ሙጫው ባይታጠብም ግድ እንደሌለው ክረምቱን ሙሉ አይታለች፤ ቢሆንም ሁለት ጊዜ አጠበችው። ባትሪውን ስትከት ማዳመጫው መዳፏ ውስጥ ሲጥ አለ።

ሩክያ አደረገችው። ባሕሩ በሬውን ሊያስር ወጥቶ ነበር።

"ጆሮሽ ደህና ነው፣ ኢንተላኮ፣ ልጄ" አለቻት ድንቅነሽ። "የተበላሸው የእኔ ሥራ ነው።"

ልጅቷ ማዳመጫውን በጣቷ ዳሰሰች። እኔ ትቆጣለች ብዬ ፈራሁ።

"ለአባቴም እንዲሁ ይንገሩልኝ" አለች።

ድንቅነሽ ወጥታ ነገረችው። በዚያ ሁሉ ምእመን ፊት ያልተንቀጠቀጠ ድምፅ እዚህ ተንቀጠቀጠ። ባሕሩ ፊቱን ወደ በሬው እንዳዞረ ሰማት፤ ገመዱን ጨብጦ ቆመ፣ አላሰረም አልፈታም። ከዚያ ለራሱ እንደሚናገር በዝግታ፣ "ምዝገባው አልፎ ይሆን?" አለ።

"እስከ ዓርብ ነው፣ አባ" አለች ሩክያ ከቤት ውስጥ።