እስከ ገና ማግስት የቆየ መርዶ

በእኛ አገር ሰው ሲሞት ለዕድሩም፣ ለሰፈሩም፣ ለመሥሪያ ቤቱም ወዲያው ይነገራል። የማይነገረው ሩቅ ላለ ልጁ ብቻ ነው። ለእሱ ማለዳ ይመረጣል፣ ትልቅ ሰው ይመረጣል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ እስከዚያ ድረስ ሁሉም ይዋሻል። ይህን ርኅራኄ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ርኅራኄውን ከቅርብ ስላየሁት ብዙም አላደንቀውም።

ያኔ ከባለቤቴ ጋር የምንኖረው ሰሜን ውስጥ፣ መኪና ከሚቆምበት የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ የተራራ መንደር ነበር። እኔ አስተምራለሁ፤ እሷ የኮልፌ ልጅ ናት፣ ብርዱን ትለምዳለች። አባቷ አናጺ ነበሩ። ከግቢያቸው ጥግ በገዛ እጃቸው አንድ ክፍል ሠርተው፣ ማንንም ብታገባ እዚያ እንድትኖር ወስነውላት ነበር። ያገባችው እኔን ሆነ፤ እኔን የመደቡኝ ደግሞ ሰሜን። «ከዚህ በር ከወጣሽ አባት የለሽም» አሏት። ወጣች።

ሁለት ዓመት ሙሉ አባቷ ስልክ ላይ አልቀረቡም። ኔትወርክ የሚገኘው ከመንደሩ በላይ ካለ ጉብታ ላይ ነበር። እሑድ እሑድ እየወጣች ለታላቅ ወንድሟ ትደውልና፣ «አባባ ከኋላ ሲያስል ሰማሁት» ብላ ትመለሳለች፤ ሲያወሩ የዋሉ ነው የሚመስለው ደስታዋ። ስልኩን ስትዘጋ ሁልጊዜ የምትለው አንድ ነው፤ ለበዓል ኑ። ለፋሲካ ኑ፣ ለእንቁጣጣሽ ኑ። መንገዱ ሩቅ ነው ይሏታል፤ ልጆቹ ፈተና አለባቸው ይሏታል።

በሁለተኛው ዓመት፣ በገና ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ መጡ። ወንድሟ፣ የወንድሟ ሚስት፣ የአባቷ እህት። መንገዱ ያኔ ሰላም ነበር፤ ዛሬ ቢሆን መርዶ ነጋሪም አያሳልፍም። ባለቤቴ ቁልቁለቱን ሮጣ ወርዳ ተቀበለቻቸው። የወንድሟ ሚስት የከተማ ጫማዋን በእጇ ይዛ ነበር።

«ጢምህ ምንድነው ጋሼ? መነኮስክ እንዴ?» አለችው እየሳቀች።

«ፋሽን ነው። እናንተ ጋ አልደረሰም?»

ምሳሌውን የተከተለች ሚስቱም ሻሿ ሸርተት ብሎ የተላጨው ራሷ ሲታይ ሳትጠየቅ መለሰች፤ «ልጆቹ ከትምህርት ቤት ቅማል አምጥተውብኝ።» አክስቷ ግን ተቀመጡና ግድግዳውን ማየት ጀመሩ።

ወንድሟ ውሃ እንኳ ሳይጠጣ፣ «መምህር፣ እስቲ ሽንት ቤቱን አሳየኝ» አለኝ። አሳየሁት። አልገባም። እዚያው ቆሞ፣ አባታቸው ከተቀበሩ ሃያ ቀን እንዳለፋቸው ነገረኝ።

«መቼ ልትነግሯት ነው?»

«ከነገ ወዲያ ማለዳ።»

«ለምን ነገ አይሆንም?»

«ነገ ገና ነው፣ መምህር። አርባ ምናምን ቀን ጾመን፣ ሁለት ቀን በመኪና ተንጠን፣ ይህን ሁሉ አቀበት ወጥተን ጾም በለቅሶ እንፍታ? ደግሞ ለእሷም ነው። አንድ በዓል ደስ ይበላት።»

ተቃወምኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር። ያኔም ቢሆን በልማድ ላይ ብዙ የምናገር ሰው ነበርኩ፤ አንድ ቀን ልማድ ሽንት ቤት በር ላይ አግኝቶ ሲጠይቀኝ ግን «እሺ» አልኩ። በጉን ያረድነውም እኔና እሱ ነን።

በበዓሉ ቀን ባለቤቴን እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። ቤቱ ሞልቶላታል። ለሁሉም ታጎርሳለች፤ አልጋችንን ለአክስቷ ለቅቃለች። ከሰዓት በኋላ ጠላው ሲሞቅ ከትናንት ጀምሮ የፈራችውን ጠየቀች።

«ጋሼ፣ አባባ እኔን ያነሳኛል?»

«ደህና ነው፣ ትንሽ እግሩን ያመዋል» ለማለት ብቻ ነበር የተስማማነው። ወንድሟ ግን ጠላውን አስቀመጠና፣ «ይቅር ብያታለሁ በላት ብሎኛል። እግሩ ሻል ካለው ለጥምቀት ይመጣል» አለ።

ሚስቱ ዝም ብትል ምን ነበረበት። «ለመንገዱ ብለው ሸራ ጫማ ገዝተዋል። ቤት ውስጥ እያደረጉ ይለማመዱበታል» ብላ ጨመረች። ባለቤቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ አባቷን በሸራ ጫማ አይታቸው አታውቅም። እነሱም አብረዋት ሳቁ። ውሸት አንድ ሰው ሲጀምረው ያስፈራል፤ በጋራ ሲሆን ግን እንደ ጨዋታ ነው፣ ሁሉም ተራውን ይፈልጋል። አክስቷ ብቻ ነጠላቸውን እስከ አፋቸው ሳቡ።

ከዚያ ባለቤቴ ተነሳች። የበጉን አንድ እግር አውርዳ ለአባቷ ቋንጣ ትዘለዝል ጀመር። አሥራ ሁለት ቀን ነው የቀረው ለጥምቀት። በቀጭን በቀጭኑ ዘልዝላ፣ ጨውና ሚጥሚጣ አሽታ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በተወጠረ ገመድ ላይ ሰቀለችው። እንግዶቹ ከሥሩ ተቀምጠው በሉ። የወንድሟ ሚስት ሚጥሚጣው ራሷ ላይ እንዳይረግፍባት ሻሿን ጠበቅ አደረገች።

ጎረቤታችን የሆኑ አሮጊት ለእንኳን አደረሳችሁ መጥተው ነበር። አንድ ጊዜ የሰውየውን ጢም፣ አንድ ጊዜ የሚስቱን ሻሽ አዩና የቀረበላቸውን ሳይነኩ ተነሱ። ልሸኛቸው ወጣሁ።

«መምህር፣ እንግዶችህ ኀዘን ላይ ናቸው።»

በሩን ከኋላዬ ገርበብ አደረግሁ።

«የማን ነው? የእሷ?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«በእኛ አገር መርዶ ያልተረዳ ሰው ይጠበቃል፤ እያሳቁ ማብላት ግን አላየሁም። የአዲስ አበባ ነው ይኼ?»

ኮልፌዎች በሁለት ቀን ውስጥ ይህችን መንደር «ባላገር» ሲሉ ስንት ጊዜ እንደሰማሁ አልነገርኳቸውም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በራችን ላይ አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመው ነበር። እኛ የጠራነው የለም፤ አሮጊቷ ናቸው። ሁለት ቀን ሙሉ እንደ ተዋናይ ሲናገር የሰነበተው ወንድሟ ያን ጊዜ ድምፅ አጣ። አክስቷ ተነሱና፣ «ልጄ፣ አባትሽ አርፏል። ከተቀበረ ሦስት ሳምንቱ ነው። እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሏት። ባለቤቴ መጀመሪያ ያየችው እሳቸውን አይደለም፤ ቀና ብላ ቋንጣውን ነው። ከዚያ ጮኸች።

የመንደሩ ሴቶች በደንብ አስለቀሷት። ረፋዱ ላይ፣ ድምፅዋ ሲዘጋ፣ ወደ ወንድሟ ዞራ፣ «ይቅር ብያታለሁ ያለውስ?» አለች።

«እሱማ ብሏል።»

«አላለም» አሉ አክስቷ።

ነጠላቸውን ከአፋቸው አውርደው ቀጠሉ።

«ትናንት የተባለው ለበዓሉ ነው፤ መርዶ እስኪነገር ይባላል። ከመርዶ በኋላ መዋሸት ግን ኃጢአት ነው፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ነፍሴን አላስይዝም። አላለም ልጄ። ስምሽን አላነሳም።»

ብዙ መጻሕፍት አገላብጫለሁ፤ ይህ ሕግ የተጻፈበትን ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

«እትዬ፣ እርስዎ ያኔ አልነበሩም። ለእኔ ለብቻዬ ነው ያለኝ» አለ ወንድሟ።

«ከራስጌው ተነስቼ አላውቅም።»

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረች። ከሦስታችን ማንን እንደምታምን ለመወሰን መሆኑ ገባኝ። «ወንድምሽ ለምን ይዋሽሻል?» አልኳት። ሁለት ቀን ሙሉ ሲዋሽ አጠገቡ ተቀምጬ ስበላ ለነበርኩ ሰው፣ የሚገርም ጥያቄ ነው። አየችኝና ፊቷን መለሰች። ያን ቀን ከዚያ በኋላ አላለቀሰችም።

አሁን የምንኖረው ኮልፌ ነው፣ አባቷ በሠሩት ክፍል። አክስቷ ሞተዋል፤ ቃላቸውን ሳይለውጡ። ወንድሟ በየዓመቱ ለገና ይመጣል። ባይመጣ ደስ የሚለው ይመስለኛል፤ ግን መቅረቱ ምን እንደሚያስመስልበት ያውቃል። ባለቤቴ ተነስታ ታስታጥበዋለች፣ ታቀርብለታለች፣ ከዚያ ከፊቱ ትቀመጣለች። እያመነችው ነው ወይስ እያሰቃየችው፣ ጠይቄያት አላውቅም። እሷን መጠየቅ የማልችለው ነገር ከዚያ ገና ወዲህ በዝቷል።

«ጋሼ፣ ያን ቃል ሲልህ ተኝቶ ነበር ወይስ ተቀምጦ?» አለችው ዘንድሮ።

«ተቀምጦ።»

«አምና ተኝቶ ነው ያልከኝ።»

ያነሳውን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሰ። «ተኝቶ ነበር፤ ሊለኝ ሲል ተነስቶ ተቀመጠ።»

«ማን አስነሳው?»

«እኔ።»

«በየትኛው እጅህ?»

ወንድሟ ሁለት እጆቹን አየ። አንዱ ወጥ ነክቶታል። ከዚያ ንጹሑን፣ ግራውን፣ ትንሽ ከፍ አደረገ።

«ብላ» አለችው፤ «ይቀዘቅዝብሃል።»