የሚንስኳ የኔታና የዓይን ሐኪሙ ቋንቋ

እንዳለው የሚባል ሰው በዐሥራ ሁለት ዓመቱ አንድ ጊዜ ሞቶ ነበር። መርጡለ ማርያም ቅኔ ሲማር ተስቦ ያዘውና እህል ሳይቀምስ ዘጠኝ ቀን ጎጆው ውስጥ ተኛ። በዐሥረኛው ቀን ትንፋሹ ሲጠፋባቸው ጓደኞቹ መገነዣ ጨርቅ ለምነው መጡ። ከእነሱ ትልቁ ለቀብሩ ባለ ሦስት ቤት ቅኔ ቆጥሮ ከራስጌው ቆመና አሰማ። ሬሳው ዐይኑን ሳይገልጥ፣ «ሦስተኛው ቤት አይመታም» አለ። ገናዦቹ በጠባቡ በር እየተጋፉ ወጡ። ባለቅኔው ግን እስከ ዛሬም አልታረቀው ይባላል።

ከበሽታው ዳነ፤ ወደ ጉባኤው ግን አልተመለሰም። አድጎ ትራክተር ነጂ ሆነና በ1977 ዓ.ም. ጥገና እንዲማር ከመንግሥት እርሻ ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ ወደ ቤላሩሷ ሚንስክ ላኩት። እዚያ ሩሲያኛ የምታስተምረው ቀጭን ኮረዳ ነበረች። እንዳለው ዐየት አደረጋትና፣ «ይህች ራሷ ገና ተማሪ ናት» ብሎ ፈረደባት። ባደገበት ሥርዓት ዕውቀት የሚቀዳው ከሸመገለ ሰው ነው። እናም በግቢው በዕድሜ ማን እንደሚበልጥ ሲያጠያይቅ፣ ወጥ ቤት ድንች የሚልጡትን አሮጊት፣ እማማ ዞስያን አገኘ። የኔታ አደረጋቸው። እንደ ደንቡ እንጨት ፈለጠላቸው፣ ውኃ ቀዳላቸው፣ እሑድ እሑድ ገጠር ቤታቸው ድረስ እየተከተለ ድንች ቆፈረላቸው። ሁለት ዓመት ከእግራቸው ሥር ሆኖ ቃል በቃል ተቀበለና ቋንቋውን አንበልብሎት ተመለሰ።

እርሻው ላይ ለአንድ ሩሲያዊ አማካሪ አስተርጓሚ አድርገው አቆሙት። ሰውየው ሦስት ዐረፍተ ነገር ሰማና በሳቅ ሆዱን ይዞ ትራክተሩ ጎማ ሥር ቁጭ አለ። እንዳለው የተማረው ሩሲያኛ ሳይሆን የአሮጊቷን የመንደር ቋንቋ፣ ቤላሩስኛን ኖሯል። አስተርጓሚነቱ በዚያው ቀረ። እሱ ግን አንገቱን አልደፋም።

«ቋንቋ ተማር አላችሁኝ፤ የማንን እንደሆነ መች ነገራችሁኝ?» አላቸው አለቆቹን።

ጭንቁ ሌላ ነበር። ቢቸና ገብቶ፣ ፀሐይነሽን አግብቶ፣ ወፍጮ እየጠገነ ሲኖር በዚያ ቋንቋ የሚያናግረው ሞተር ብቻ ሆነ። ሞተር ደግሞ አይመልስም። ከመሞቱ በፊት አንድ ሰው እንዲመልስለት ይመኛል፤ ነገር ግን ለማንም «ና ላስተምርህ» አይልም። ተማሪ መምህሩን ፈልጎ ይመጣል እንጂ መምህር ተማሪ አይለምንም። ሠላሳ ሁለት ዓመት ጠበቀ። ማንም አልመጣም።

አምና ዘመነ የሚባል ጡረተኛ የሞጣ መምህር፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ቅዳሜ ሁሉ ቢቸና እየመጣ በእኅቱ ግቢ ኤስፔራንቶ ማስተማር ጀመረ። ከተማሪዎቹ መካከል ፀሐይነሽ ደብተር ይዛ መቀመጧን እንዳለው ሲሰማ ጋቢውን አጣፍቶ ሄደ።

«አንተ ዘመነ፣ ሚስቴን ምን እያስተማርክብኝ ነው?»

«ኤስፔራንቶ ነዋ፣ አያ እንዳለው። አንድ የዓይን ሐኪም የዓለም ሕዝብ እንዲግባባበት ብሎ የሠራው ቋንቋ ነው። ሕጉ ዐሥራ ስድስት ብቻ!»

«የኛ ዕድር እንኳ ሃያ ሁለት አንቀጽ አለው፤ እሱም አላግባባንም። እናትን ምን ትሏታላችሁ?»

«አባት ፓትሮ፣ እናት ፓትሪኖ፤ ‹ኢን› ሲገባበት ሴት ይሆናል።»

«ሴት አባት በለኛ! የኔ የኔታ ይህን ቢሰሙ ሐኪሙን በድንች ነበር የሚወግሩት። ደግሞስ በዚህ ቋንቋ ማን አልቅሶበታል?»

«ያንተውስ?» አለ ዘመነ። «ባለቤቶቹ ከተማ ሲገቡ እንደ ጭቃ ጫማ ደጅ አውልቀውት ይገባሉ ብለኸኝ የለም? የኔን ሰው ፈልጎ ይማረዋል፤ ያንተን የተወለዱበት ይደብቁታል።»

ይህቺ ቃል ወጋችው። እማማ ዞስያም አለቃ ሲጠራቸው ቶሎ ብለው ወደ ሩሲያኛ ይሸሹ ነበርና።

«ዳንኮን ማለት አመሰግናለሁ ነው» አለች ፀሐይነሽ፣ ጠቡን ልታበርድ።

«በኛ ጃኩይ ነው» አለ እንዳለው ኮራ ብሎ።

«ሁለቱም ሥራቸው ጀርመን ነው» አለ ዘመነ።

«ወይ ጉድ! በተበደሩት ምስጋና ነዋ የሚያመሰግኑት!» አለች ፀሐይነሽ።

ነገሩ በሙግት ይለይ ተባለ። የአንዱ በሬ የሌላው ጤፍ ገብቷል እንበል፤ ሁለቱም በየቋንቋቸው ይክሰሱ። ዘመነ ቆሞ ረጋ ያለ ንግግር አደረገ፤ ተማሪዎቹ ገብቷቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። እንዳለው ተነሣና ዱላውን መሬት ተክሎ፣ «ካብ ፂያቤ ፒያሩን!» ብሎ ሲያንባርቅ የእኅትየዋ ዶሮዎች አጥር ዘለሉ። ከዚያ ወዲያ አንድ ሩብ ሰዓት አወረደው። ለማንም አልገባም፤ ሁሉም ግን አጨበጨበ።

ጭብጨባው ሲያልቅ ፀሐይነሽ ብድግ ብላ፣ «ኪዮን ቪ ዲሪስ?» አለችው።

እንዳለው ወደ ዘመነ ዞረ። «ምን አለች?»

«‹ምን አልክ?› ነው ያለችህ።»

እንዳለው ወደ እሷ ዞረ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

«ከሞተር ጋር ስትሟገት ስሰማ ኖርኩ» አለች በአማርኛ። «ስድብ ይሁን ጸሎት አላውቅም። እዚህ የመጣሁት ዘመነ ‹ነይ› ስላለኝ ነው።»

«መጥተሽ ብትለምኚኝ እኮ...»

«ባሌን ልለምን? እኔ የቆሎ ተማሪ ነኝ?»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እንዳለው ትዕቢቱን እንደ መራራ መድኃኒት ዋጠና፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «‹ካብ ፂያቤ ፒያሩን› መብረቅ ይምታህ ማለት ነው» አላት።

«እሱማ የእናቴ እርግማን ነው! በል ቀጥል፣ ቀጥሎ ያለውስ?»

በማግሥቱ እንዳለው፣ መምህሩ ራሱ፣ ተማሪዋን ፍለጋ ጓዳ ድረስ ሄደ። ፀሐይነሽ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ዘመነ ዘንድ ትሄዳለች፤ በሌላው ቀን ከባሏ ትማራለች፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ታቦካለች። ድንቹን «ቡልባ» በይ ሲላት «ቴርፖሞ» ትላለች።

ከሁለቱ ቋንቋ የትኛው እንደሚበልጥ እንዳለውን የሚጠይቁት አሉ። መልሱ ይህ ነው፦

«ብቻዬን ሳወራ አንድም ቀን አልተሳሳትኩም፤ ማን ያርመኝና? አሁን እሷ ታበላሸዋለች፣ እኔም ተከትያት አበላሻለሁ። ይበላሽ። እኔ ያን ሁሉ ዘመን የፈለግኩት መልስ ነበር፤ መላሿ ይኸው ቤቴ ውስጥ ነበረች፣ እኔ ግን እስክትለምነኝ እጠብቅ ነበር።»