ማን ናት የማረቻት?

አባቴ በመጨረሻ ዘመናቸው ከዚህ ዓለም የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከወገናቸው የሆነ፣ ጸሎቱን የሚያውቅ ሰው ከጎናቸው ሆኖ «አሜን» እንዲላቸው። እኔማ እላቸው ነበር። «ያልገባሽን አሜን አትበይ» ብለው ይቆጡኛል። እውነታቸውን ነው። ከጎንደር ስንወጣ ልጅ ነበርኩ፤ የግዕዙን ዜማ እንጂ ቃሉን አላውቀውም።

ቤተ እስራኤል ነን፤ አገር ቤት ፈላሻ ሲሉን የነበርን። ሱዳን ካምፕ ሳለን ወደ ኢየሩሳሌም የሚወስደው መኪና መጣ። የአባቴ ታናሽ እህት ተሳፈሩ፤ እኛ እናቴ ታማ ስለነበር «በሚቀጥለው» ተባልን። የሚቀጥለው ሳይመጣ እናቴን እዚያው ቀበርናት፤ እኛንም ዕጣችን ሆላንድ ጣለን። እስራኤል የገባ ሰው ደግሞ ስሙን ይቀይሩለታል። አክስቴን በድሮ ስማቸው ብንፈልግ፣ ብናስፈልግ፣ የበላቸው ጅብ አልጮህ አለ።

አንድ ጊዜ አምስተርዳም ወዳለ የአይሁድ ጸሎት ቤት ወሰድኳቸው። በር ላይ ጠባቂው ፓስፖርት ጠየቀን፤ ቀጥሎም አይሁድ መሆናችንን ለማጣራት «የትኛው በዓል እየመጣ ነው?» አለ። አባቴ «ስግድ» አሉ፤ የኛ የጾምና የጸሎት በዓል ነው። ሰውየው ስግድ የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። እንደምንም አስገባን። ውስጥ ሁሉም በዕብራይስጥ ይጸልያል፤ አባቴ ባርኔጣቸውን እንዳጠለቁ ዝም ብለው ቆመው ዋሉ። በባቡር ስንመለስ «እነሱም የሱ ናቸው፣ እኛም የሱ ነን፤ ግን አንተዋወቅም» አሉኝ። ዳግመኛ አልሄድንም።

ዴን ሃግ ከተማ፣ ሙርዋይክ ሰፈር፣ የምንኖርበት ሕንጻ አካባቢ ያሉት ሐበሾች ክርስቲያኖች ናቸው፤ ደግ ሰዎች፣ ክፉ አይወጣኝም። ልጄን ስወልድ ገንፎ ይዘው እልል እያሉ መጡ፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አሉኝ። አመሰገንኩ። ሲወጡ አባቴ ከጥግ ሆነው፣ «ማን ናት የማረችሽ? እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ ነው የሚባለው» አሉ። «አባባ፣ የአፍ ልማድ እኮ ነው» ብላቸው፣ «እኮ! የአፍ ልማድ ነው ሰውየውን የሚነግርሽ» አሉኝ። ያን ጊዜ ስቄ አለፍኩት።

ዓመታት አለፉ። ልጄ አድጋ ሮተርዳም ከተማ ትዳር ያዘች። አባቴ እግራቸው ከዳቸው፤ ጠዋት ጠዋት የቱይስዞርግ፣ የቤት ለቤት እንክብካቤ፣ ሠራተኛዋ መጥታ ታጥባቸዋለች፣ ቀኑን ሙሉ መስኮት ስር ይቀመጣሉ። ስማርት ስልክ በየሰው ኪስ እየገባ በነበረበት ሰሞን ነው፤ ለኔም አንድ ገዛሁና ኢንተርኔት ላይ በአማርኛ የሚጻጻፍ የቤተ እስራኤል ቡድን አገኘሁ። እዚያ ውስጥ አንድ ሰው ነበር። ቄስ ነኝ፣ ያለሁትም ኢየሩሳሌም ነው ይላል፤ የኛም ካህናት ቄስ ነው የሚባሉት። የአባቴን ነገር ብጽፍለት በማግስቱ ደወለ።

ወይ የአባቴ ደስታ! የጸሎት ቤታችንን እንደኛ «መስጊድ» ብሎ ሲጠራው፣ ስለ ስግድ ጾም ሲያወራ፣ ዳዊት ሲደግም፣ ሽማግሌው እንባቸው በጺማቸው ይወርዳል። «አሜን» ይላል ሰውየው። እሳቸውም «እርስዎን የላከልኝ ይመስገን» ይላሉ። ቀስ በቀስ ሁሉን ነገሩት። የመንደራችንን ወንዝ፣ የአያቴን ስም፣ ሱዳን የቀረችውን እናቴን፣ እህታቸው መኪና ላይ ሆና ያለቀሰችውን ለቅሶ ሳይቀር። ምን ያልነገሩት አለ? ሆዳቸውን ገልብጠው ሰጡት።

ከዚያ ወሬው መልክ ለወጠ። ስለ አንድ ቃል ስለተገባለት አዳኝ ያነሳል፣ ይተወዋል፣ መልሶ ያነሳል። በመጨረሻ «ወደ ሆላንድ ልመጣ ነው፤ አባቴ፣ ውሃ ውስጥ አግብቼ አነጻዎታለሁ» አለ። በእኛ ወግ ውሃ መውረድ፣ መንጻት የታወቀ ነው። አባቴ ያንን መስሏቸው ነጭ ልብሳቸውን አሳጠቡኝ። እኔ ግን ያንን «አዳኝ» የሚለውን ነገር ጠረጠርኩት። ምን ብዬ ልናገር? ያለሱ ማን አላቸው?

በዚያው ሳምንት ልጄ ወለደች። ከሮተርዳም ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኩ ጮኸ። አባቴ ጆሯቸው ደከም ስላለ ሁልጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጌ ነው የማቀርብላቸው። የምሥራቹን እሳቸው ነገሩት፤ «የልጅ ልጄ በሰላም ተገላገለች» አሉት።

«እሰይ! እሰይ! እንኳን ማርያም ማረቻት!» አለ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የሱን ያወጣችው አራስ ናት።

«ማን?» አሉ አባቴ። «ማን ናት የማረቻት?»

«እ... እግዚአብሔር ማለቴ ነው፣ አባቴ። አፌ ነው፣ አፌን አዳልጦኝ...»

«አፍህማ እውነቱን ነገረኝ» አሉት። እንደዚያ «እርስዎ፣ እርስዎ» ሲሉት ከርመው «አንተ» ብለው ጠሩት። «ውሸታሙ አንተ ነህ።»

ስልኩን ነጥቄ የአፌን ነገርኩት፤ እዚህ አይጻፍም። ስዞር አባቴ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «ውሃ አምጪልኝ» ይላሉ። ለእጃቸው መስሎኝ ነበር። «ጆሮዬን እጠቢልኝ» አሉኝ። አጠብኩላቸው። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ጉዱን እንዳለ ቡድኑ ላይ ጻፍኩት። አንድ የሚያውቀው ሰው መልስ ሰጠኝ፤ ለካስ ሰውየው ኢየሩሳሌምን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ከኛ በትራም የሚደረስበት ዞተርሜር ነው የሚኖረው፤ እንደ አባቴ ያሉ ብቸኛ ሽማግሌዎችን እየፈለገ ሳይነግራቸው ማጥመቅ ነው ሥራው። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። አገር ቤት ጅብ ይሆናሉ እየተባልን ስንታማ የኖርነው ግን እኛ ነን። ጉድ በል ጎንደር!

የጻፍኩትን እስራኤል ያለች አንዲት ወጣት አነበበችው። ሱዳን፣ መኪናው፣ የታመመችው እናት፤ ይህን ታሪክ ከአያቷ አፍ ስትሰማ ነው ያደገችው። አያቷ አክስቴ ናቸው! በምስል አየኋቸው፤ ግንባራቸው የአባቴ ግንባር ነው። እኔ ስጮህ ጎረቤት ግድግዳ ደበደበ።

ያን ጊዜ አባቴ አልጋ ይዘዋል፣ ዓይናቸውም ፈዟል። ስልኩን ትራሳቸው ላይ አደረግኩት። አክስቴ «ወንድሜ፣ ልጃችን ወለደች አሉኝ፤ እንኳን እግዚአብሔር ማራት» አሉ።

አባቴ ዓይናቸውን እንደከደኑ «ይቺንም ተማሯት» አሉኝ።

«አባባ፣ እህትዎ ናቸው! በዓይኔ አየኋቸው!» ብዬ ለመንኳቸው። አክስቴ የወንዙን ስም ጠሩ። የእናታቸውን ስም ጠሩ። መኪናው ላይ እንዴት እንዳለቀሱ ተናገሩ። አባቴ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ይህን ሁሉ ለዚያኛው ነግሬዋለሁ። ለኔ የቀረኝ ነገር የለም፣ ልጄ።» ወደ ግድግዳው ዞሩና ጸሎታቸውን ጀመሩ፣ ብቻቸውን። ሲጨርሱ ከስልኩ ውስጥ ቀጭን ድምፅ፣ በትክክለኛው ቦታ፣ በትክክለኛው ዜማ፣ «አሜን» አለ።

ትንሽ አዳመጡ። «ዝጊው» አሉኝ። ዘጋሁት።

በዚያ ሳምንት፣ የሰንበት ዋዜማ፣ በአባቶቻቸው ሃይማኖት እንደጸኑ አረፉ። ማንም አልነካቸውም፣ ከዚያ ወዲህም ማንም አላታለላቸውም። መርዶውን ስነግራቸው አክስቴ ብዙ ካለቀሱ በኋላ አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«አወቀኝ?»

«እንዴታ!» አልኳቸው። «አሜን ሲሉ ጊዜ ነው ያወቁዎት።»