ዲስክ ነቃዩና ሚስቱ

በእኛ ሬዲዮ ጣቢያ የኮምፒውተር ባለሙያውን «ነቃዩ» እንለዋለን። ጥርስ ነቅሎ አያውቅም፤ የሚነቅለው ዲስክ ነው። አንድን ማሽን የሚያምነው እየሠራ ሳለ ዲስክ መንጭቆበት ሥራውን ሲቀጥል ካየ ብቻ ነው። ሚስቱ የጣቢያችን ዝግጅት አቅራቢ ናት፤ እኔ ደግሞ ከመስታወቱ ማዶ ተቀምጬ ድምፅ የምቆጣጠር ሰው ነኝ። የሁለቱንም ጉድ አውቃለሁ።

ዘንድሮ ሥራ አስኪያጁ የድሮዎቹ የሚሽከረከሩ ዲስኮች ኤስኤስዲ በሚባሉት በማይሽከረከሩ ፈጣን ዲስኮች እንዲተኩ ፈቀዱ። ነቃዩ አንዱን ከአንድ ሱቅ፣ ሌላውን ከሌላ ገዛ፤ «አብረው የተወለዱ አብረው ይሞታሉ» ብሎ። ጭንቁ የሬይድ ካርዱ ነበር፤ ዲስኮቹን አስተባብሮ አንዱ ቢሞት በሌላው ሥራውን የሚያስቀጥለው።

ሻጮች ካርዳቸውን ለሙከራ አመጡ። የመጀመሪያው ትልቅ ማራገቢያና የሚንቦገቦጉ መብራቶች ነበሩት፤ የሥራ አስኪያጁ ዐይን እሱ ላይ ቀረ። ነቃዩ፣ ሻጩ እያወራ ሳለ፣ እጁን ሰደድ አድርጎ ዲስክ መዘዘ። ማሽኑ ቆመ፤ ሲያስብ ሲያስብ ቆይቶ ቀጠለ።

«ይኸው ቀጠለ እኮ!» አለ ሻጩ።

«ወንድሜ፣ ይሄ ሬዲዮ ነው። እሱ አስቦ እስኪጨርስ አድማጭ ጣቢያ ቀይሯል።»

ሁለተኛው ለድሮ ዲስክ የተሠራ ስለነበር ኤስኤስዲዎቹን ኤሊ አደረጋቸው። ሦስተኛዋ ትንሽ ናት፤ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ የጀመረችውን የምትይዝበት የራሷ ባትሪ አላት። ዲስክ ሲነቀልባት ምንም አልመሰላት። እሷን መረጠ።

ሥራ አስኪያጁ አኮረፉ። «እንግዲያው መጀመሪያ የሚስትህ ዝግጅት በዚችው ካርድ ይተላለፍ። ከተቋረጠ ሰዓቱን ለዘፈን እሰጠዋለሁ» አሉ። ያ ዝግጅት ሚስቱ ስንት ዓመት የለፋችበት ነው።

ቀኑ ደረሰ። የተቀዳ ቃለ መጠይቅ እየተላለፈ፣ እሷ ማይክሮፎኗን ዘግታ ተቀምጣለች። ነቃዩ እኔ ጋ፣ ማሽኑ አጠገብ ቆሞ እጁን ያሻሻል። አመል ያወጣል ከመሃል፤ «ተው!» ሳልለው ዲስኩን መዘዘው።

ድምፁ ቅንጣት አልተዛነፈም። ሚስቱ ግን በመስታወቱ አይታው ኖሯል። ጠቀሰችኝና ጣቷን ወደ ታች አሳየችኝ። ገባኝ፤ የክፍላችንን ድምፅ ማጉያ ጭጭ አደረግሁት። ለአድማጭ ሁሉም እንደነበረ ነው፤ የድምፅ መለኪያው መብራትም ፊት ለፊቱ ይጨፍራል።

እሱ ምኑን ያያል! ፊቱ አመድ መሰለ። ዲስኩን መልሶ ይሰካዋል ስል ጠረጴዛው ላይ ወርውሮት፣ በሩን በርግዶ ሚስቱ ዘንድ ገባ።

«ዝግጅትሽን በገዛ እጄ ገደልኩብሽ! አሁኑኑ ሄጄ ጥፋቱ የኔ ነው እላቸዋለሁ። እኔን ያባርሩኝ፣ አንቺን አይንኩሽ።»

ልትስቅ አፏን ከፍታ ነበር፤ ሳቁ እዚያው ቀረ። «ላሾፍብህ ብዬ እኮ ነው፣ አንተ ሞኝ» አለችው፤ ዐይኗ እንባ አቀረረ። እኔም ማጉያውን ከፈትሁ። የቃለ መጠይቁ እንግዳ እያመሰገነች ስትሰናበት ተሰማ።

ተራው የሷ ሆነ። ማይክሮፎኗን ከፈተች፤ ቃል ግን አልወጣትም። ሬዲዮው ዝም አለ። ስልኬ ጮኸ።

«ተቋረጠ አይደል?» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «አላልኳችሁም?»

«እዚህ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ጋሼ። የእርስዎ ሬዲዮ እንዳይሆን?» አልኳቸው፤ ይህን ጊዜ ጉሮሮዋን ጠርጋ ቀጠለች።

ሥራ አስኪያጁ በማግስቱ አዲስ ሬዲዮ ገዙ። ዝግጅቷም እስከ ዛሬ በሰዓቱ አለ።