ሊጥ የማቦካበት የአሜሪካ ማሰሮ

ዛሬ እዚህ አሜሪካ፣ ሳን ሆዜ አሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ የአሜሪካኖችን የድሮ የሸክላ ማሰሮ ስመርጥ፣ ልጄ ለሻጩ "እናቴ የእንጀራ ሊጥ የምታቦካው እንዲህ ባለ ማሰሮ ነው" አለችው። ሲስቅ የነበረው ሰውዬ ማሰሮውን ከእጄ ወስዶ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ነገራት።

"እማዬ፣ ለጌጥ እንጂ ለምግብ አይሆንም ነው የሚለው። የአንዳንዱ ቅብ ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት አለበት፤ ኮምጣጣ ነገር ያወጣዋል" አለችኝና እጇን ሆዷ ላይ አደረገች።

የሰባት ወር እርጉዝ ናት። እንጀራዋን የምጋግርላት እኔ ነኝ።

ፕላስቲክ መርዝ ነው እያልኩ በባልዲ በሚያቦካ ሁሉ ስስቅ ኖሬያለሁ።

ነገ ደሟን ትመረመራለች። ቤት ባለው ማሰሮዬ ያቦካሁት ሊጥ ኩፍ ብሏል፤ ልደፋው እንኳ እጄ ፈራ።

በእንዲህ ያለ ማሰሮ አቡክታችሁ የተመረመራችሁ ካላችሁ ውጤቱን ጻፉልኝ። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ቢሆንም፣ ቀስ ብዬ ሁሉንም አነባለሁ። ያልተመረመራችሁ ግን አይዞሽ አትበሉኝ።