በዐብዱልመሊክ ቤት የተጠጣው መረቅ

እንደሻው ሠላሳ ስድስት ዓመት ሲሞላው፣ ካፈራው ሁሉ የሚኮራበት አንድ ዳማ ፈረሱና ሰው የሚመሰክርለት ቃሉ ብቻ ነበር። ከጅጅጋ ሜዳ ከብት እየነዳ በእሬር በር ሐረር ያስገባል። ወይፈን ሲያፈነግጥ በፈረስ ቀድሞ የሚመልስ እንደ እሱ ያለ አልተገኘም። በሴት ፊት ግን ምላሱ ይተሳሰራል። የባሻ ሀብተወልድን ልጅ ብርነሽን ሦስት ዓመት ሙሉ ሲወድ፣ ከሰላምታ በቀር የነገራት ከዐሥር ቃል አይበልጥም። እሷ ግን ገብቷታል። የከብቱን አቧራ ስታይ ሐኪም ጋራ ሥር ካለው ከአባቷ ቤት ደጅ ትወጣለች፤ እሱም ፈረሱን ላጠጣ ብሎ እዚያ ይቆማል። ያ ፈረስ ያልጠማው ቀን አልነበረም።

የሚነዳቸው ከብቶች ዐብዱልመሊክ የሚባል የጀጎል ነጋዴ ከብቶች ነበሩ። ሁለቱ ዘጠኝ ዓመት አብረው ሲመላለሱ አንድ እሳት ሞቀዋል፣ ከአንድ ኮዳ ጠጥተዋል። ሥጋ ሲሆን ግን ለየብቻ ነው። ክርስቲያን እስላም ያረደውን፣ እስላምም ክርስቲያን የባረከውን አይቀምስም፤ የቀመሰ ሃይማኖቱን እንደ ለወጠ ይቆጠራል።

በ፲፱፻፲፱ ዓ.ም. መስከረም፣ እንደሻው ለብርነሽ ሽማግሌ ሊልክ ሲሰናዳ፣ እሬር ሸለቆ ላይ ወባ ጣለው። ዐብዱልመሊክ ከኮርቻው ጋር አስሮ ጀጎል አስገባውና ከቤቱ አስተኛው። ሚስቱ ሰዐዲያ ዐሥራ አንድ ቀን አስታመመችው፤ እህል አልወርድ ቢለው የበግ መረቅ በማንኪያ ታጠጣው ነበር። ዘጠኙን ቀን የሚሆነውን አያውቅም። በዐሥረኛው ቀን ግን ልቡ ተመለሰለትና ጽዋውን አየ፣ ምን እንደሆነም ለየ። ሰዐዲያም ማወቁን አወቀች፤ እጇ ባለበት ቀረ።

«ወንጀሉ በእኔ ይሁን፣ ወንድሜ» አለችው። «አላህ ያያል፤ ሌላ የሚወርድልህ የለም።»

እያለቀሰ ጠጣ። መሞት አልፈለገም፤ ያልፈለገውም ስለ ብርነሽ ነበር።

ኅዳር ላይ፣ አቶ አባይነህ የመሯቸው ሦስት ሽማግሌዎች ባሻ ዘንድ ሲቀርቡ ወሬው ቀድሟቸው ደርሷል። ባሻ ክፉ ሰው አልነበሩም። በልጅነታቸው ሐረርን ከያዘው ከሸዋ ዘመቻ ጋር መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ አገሩን ቢለውጡም ማተቤ እንዳይላላ ብለው የሚጨነቁ ሰው ነበሩ። እንደሻውን ራሱን አስጠሩት። አልቀመስኩም ብሎ ይማልልኝ፣ ልጄን ዛሬውኑ እሰጠዋለሁ አሉ። አቶ አባይነህ ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው፣ የታመመ ሰው ምን ያውቃል፣ ማል፣ አሉት። ብርነሽ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማለች፤ እግሮቿ ይታዩታል። አንዲት ቃል ብትወጣው የሱ ነበረች። እሱ ግን ጽዋውን እንደያዘ ባለበት የቀረውን የሰዐዲያን እጅ አሰበ፤ ያንን ደግነት እንደ ነውር መደበቅ አቃተው።

«ጠጥቻለሁ፣ ባሻ» አለ። «አውቄ ነው የጠጣሁት።»

ባሻ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። እንደሻው ወጥቶ ፈረሱ ላይ ሊወጣ ሲል እግሩ ሁለት ጊዜ እርካቡን ሳተ።

የቀረውን የሰማው ከዐብዱልመሊክ ነው። በሦስተኛው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ብርነሽ በጀጎል ጠባብ መንገዶች እየጠየቀች ሰዐዲያ ቤት ደረሰች። ለእንደሻው ያጠጣሽውን ስጪኝ አለቻት። ሰዐዲያ ወላሂ አልሰጥም፣ አባትሽ ይጥሉሻል ብላ ለመነቻት። ብርነሽ ጎረቤት እያየ ራሷ ከድስቱ ጨልፋ ጠጣች፤ ቤቷ ተመልሳም አባቷ ፊት ቆመች።

«አባዬ፣ እኔም ጠጣሁ» አለች። «ከእንግዲህ ከእሱ በቀር የሚያገባኝ የለም። ወይ ለእሱ ይስጡኝ፣ ወይ እንደ እሱ ያስወጡኝ።»

ባሻ በማግስቱ ቄስ አስጠሩ። ሁለቱም አርባ ቀን ጦመው፣ ንስሐ ገብተው፣ ቄደር የሚባለውን የመመለሻ ጥምቀት ተጠመቁ፤ በጥርም ተጋቡ። ቤተ ክርስቲያን ከተቀበለቻቸው የቀረ ነገር ሊኖር አይገባም ነበር፤ የባሻ ልብ ግን እሺ አላለም። መርቀው ዳሯት፣ ኋላም የልጅ ልጆቻቸውን አቅፈው ሳሙ፤ ከቤቷ ግን እህል አልቀመሱም። በየበዓሉ ገበታ ታቀርብላቸዋለች፣ እጃቸውን ይታጠባሉ፣ አይቆርሱም። እሷም ገበታውን ታነሣለች። ባሻ ሰባት ዓመት እንዲህ ኖረው ዐረፉ።

ተዝካራቸው ባለፈ ሰሞን፣ እንደሻው ሲፈራው የኖረውን ጠየቃት፤ ትጸጸቻለሽ ወይ አላት።

«የአባቴን ጉርሻ አጥቻለሁ፤ እስክሞት ያንገበግበኛል» አለችው። «ያን ቀን በሐሰት ብትምል ኖሮ ግን፣ ብታገባኝም፣ አንተን ነበር የማጣው።»